የልጄ መድኃኒት እና የማቀዝቀዣው ቁልፍ

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር ሃያ ቀን ነው። ይህን የምጽፈው እኔ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ ቁልፍ የምሠራው፣ ጎረቤት ሁሉ «ይታይ» እያለ የሚጠራኝ ሰው ነኝ። ይህ ቅጽል ስም የወጣልኝ የቀረበልኝን ነገር ሁሉ፣ የኪራይ ውልም ይሁን የብርቱካን ከረጢት፣ «ይታይ» ሳልል ስለማልቀበል ነው። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ልጄ ነው።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ የእጅ ኳስ ቡድን በረኛ ናት። ቀልድ ትወዳለች፤ ቀልዷም አብዛኛውን ጊዜ በእኔ ላይ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር፤ ከሳች፤ ጨዋታ አቋርጣ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ አበዛች። ከብዙ ምርመራ በኋላ ሕመሟ ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ መሆኑ ታወቀ። ዶክተሯ ሲያስረዱን፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ አንጀቷን እንደ ሌባ እንደሚደበድበው ነገሩን።

ልጄ ወደ እኔ ዞር አለች። «አባዬ፣ አንጀቴ አንተን ነዋ የወጣው! ማንንም አያምንም።»

ዶክተሯ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ በሥራ ላይ ያለ ሐኪም ሲስቅ ማየት አያስደስተኝም።

በዚያን ጊዜ ልጄ ሕመሙን የሚያስታግስ ክኒን ትወስድ ነበር። ክኒኑ ሆዷን ቢያበርድላትም ፊቷን አሳበጠው፤ የቡድን ጓደኞቿም «ዳቦ» ብለው ሰየሟት። እሷም ስልክ ስታነሣ «ዳቦ ነኝ፣ ማን ልበል?» ትል ጀመር። ይሁንና ይህ ክኒን ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስላልሆነ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌላ መድኃኒት መርጠን እንድንመጣ ዶክተሯ ነገሩን።

«አንደኛው በየቀኑ የሚዋጥ ነው» አሉ። «ለመሥራት ግን ወራት ይፈልጋል፤ ብቻውንም ላይበቃት ይችላል። ሁለተኛው በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ በየስምንት ሳምንቱ እዚህ መጥታ ግማሽ ቀን ትቆያለች። ሦስተኛው እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ ቤት ውስጥ፣ ራሷ ትወጋዋለች። በደም ሥር የሚሰጠውም እስክሪብቶውም ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሟን ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ትኩሳት ከተሰማት ሳትውል ሳታድር መምጣት አለባት። ለኑሮዋ የሚስማማውን ግን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ራሷ ሲሉ…» አልኩ።

«ራሷ።»

«ይታይ» አልኩ።

ቤት ገብተን ምሳ ከበላን በኋላ ጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የጎረቤት ሱሪ እያሳጠረች ታዳምጣለች። ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን፣ በእኛው ቤት የጀርባውን ክፍል ይዞ ይኖራል፤ እሱ በልማዱ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆሟል።

«ሆስፒታሉ ይሻላል» አልኩ። «እዚያ የሚያያት ሰው አለ። ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቅ ሰው አለ።»

«እዚህስ አንተ አለህ አይደል?» አለች ልጄ። «መጸዳጃ ቤት ስገባ ሰዓት የሚይዝብኝ ማነው ታዲያ?»

«ለጤናሽ ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ። ግን አንተ ሰዓት ትይዛለህ፣ እማዬ የበላሁትን ትቆጥራለች፣ ዶክተሯ ሆዴን ትጫናለች። በሽታው የእኔ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ግን በእናንተ እጅ ነው። አንዲት ነገር እንኳ በእኔ እጅ ትሁን። ሌላ አልጠየቅሁም።»

ባለቤቴ መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰካች። «እውነቷን ነው» አለች።

እኔም ዋናውን እንቅፋት አነሣሁ። መድኃኒቱ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ የእኛ ማቀዝቀዣ ደግሞ የሕዝብ አደባባይ ነው። ይህን ስናገር የባለቤቴ ወንድም ወተቱን ከነጠርሙሱ አንደቅድቆ አፉን በእጁ ጠረገ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ባለፈው የልጅቷን የጉንፋን ሽሮፕ ጭማቂ መስሎህ ጠጥተሃል።»

«ጣፋጭ ነበራ!»

ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዬን ተናገርኩ። እስክሪብቶው ቤት የሚገባ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው ይቆለፋል።

«እሺ» አለች ልጄ። «እስክሪብቶው ይግባልኝ እንጂ ከፈለግህ ታንክ አቁምበት።»

ቅዳሜ ሙሉውን ቀን በቁልፉ ላይ ዋልኩ። ሳይቆልፉ መሄድ በቤታችን የተለመደ ስለሆነ፣ በሩ በተገፋ ቁጥር በራሱ የሚቆለፍ አድርጌ ሠራሁት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሰቡን ሰብስቤ ልምምድ እንድናደርግ አዘዝኩ። የሆስፒታሉ ሲስተር መድኃኒትም መርፌም የሌለበት፣ ሞላው ብቻ ያለበት የመለማመጃ እስክሪብቶ አውሳን ነበር። በጥንቃቄ መረመርኩት። ቆዳ ላይ ተጭኖ ካልተያዘ አይተኩስም፤ ከተኮሰ በኋላም ጫፉ ራሱን ይሸፍናል። የሠራው ሰው ሙያውን ያውቃል። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

«በመጀመሪያ መድኃኒቱ ይቀመጣል» አልኩና እስክሪብቶውን የላይኛው መደርደሪያ ላይ በሁለት እጄ አኖርኩት። እጆቼ ነፃ እንዲሆኑ የቁልፍ ቀለበቴን እንቁላሉ አጠገብ አሳርፌው ነበር።

«ኧረ ዝጋው፣ ቅዝቃዜው አለቀ!» አለች ባለቤቴ።

ዘጋሁት። ቀጭ አለ።

የባለቤቴ ወንድም እጀታውን ሳብ አደረገው፤ አልተከፈተም።

«አባዬ» አለች ልጄ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ቁልፉ የት ነው ያለው?»

የማቀዝቀዣው ቁልፍ፣ ተለዋጩ፣ የሱቄ ቁልፍ፣ የመሣሪያ ሣጥኔም ቁልፍ፣ ሁሉም በአንድ ቀለበት ላይ ነበሩ። ቀለበቱም እንቁላሉ አጠገብ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም እየሳቀ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ቁልፍ ሠሪ እንጥራ እንጂ! እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ከገበያው ጀርባ ነው። ጎበዝ ነው፣ ሰው ግን አያምንም።»

«ዝም በል አንተ!» አለች ባለቤቴ፤ ፊቷን በምትሰፋው ሱሪ ሸፍናም ሳቀች።

«መዶሻ ላምጣ?» አለ እሱ።

«ንክች እንዳታደርገው!» አልኩት።

ልጄ ከፀጉሯ ሁለት ማስያዣ አወጣች፤ አንዱን በጥርሷ አጠፈችውና ተንበረከከች። ሕፃን ሳለች እናቷ ገበያ ስትሄድ ከእኔ ጋር ሱቅ ትውል ነበር፤ መጫወቻዋም የተጣሉ ቁልፎች ነበሩ። ይህን መክፈት አትችልም ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እጇን አይቼ ዘጋሁት። ብረቱ እንቢ ሲላት አልታገለችውም፤ ወደ ኋላ ተመለሰችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ቀለበቱን አውጥታ ሰጠችኝ። «ታየ?» አለችኝ።

«ታየ» አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት ዶክተሯ «እንግዲህ ምን ወሰናችሁ?» ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ልጅቷ ትናገር» አልኩ።

«በየቀኑ የሚዋጠው እስኪሠራ ድረስ የእጅ ኳሱ ውድድር ያልቅብኛል» አለች። «በደም ሥር የሚሰጠው ጥሩ ነው፤ ግን ያንን ሁሉ ሰዓት እዚህ ስቀመጥ ስለ በሽታዬ ብቻ ነው የማስበው። እስክሪብቶውን ልያዝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ መሥራት ቢያቆምስ?»

«ያጋጥማል» አሉ ዶክተሯ። «ያኔ እንለውጠዋለን። ዛሬ የመረጥሽው የዕድሜ ልክ ውል አይደለም።»

ውል አንብቤ የምፈርም ሰው ስለሆንኩ ይህ አነጋገር ደስ አሰኘኝ።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው የሳንባ ነቀርሳና የደም ምርመራ ነጻ መሆኗን ካሳየ በኋላ፣ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ፣ በሲስተሯ ፊት፣ ጭኗ ላይ በገዛ እጇ ወጋች። በዚያን ጊዜ እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ እስከ መጨረሻው እያነበብኩ ነበር።

«አባዬ፣ አልቋል። መዞር ትችላለህ» አለችኝ።

ሲስተሯ ወንበር አመጣች፤ ለልጄ ሳይሆን ለእኔ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ቀጣዩ እስክሪብቶ ዛሬ ቤት ይገባል። ትናንት ጠዋት የራሴን ቴርሞሜትር ገዝቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ አኖርኩና ቆለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ስከፍተው አሥራ አንድ ዲግሪ ይላል። ቴርሞሜትሩን ስለጠረጠርኩ ወደ ሻጩ ተመልሼ ከሌላ ጋር አስተያየሁት፤ ደህና ነበር። በመጨረሻ በእጄ ስዳስስ፣ የቁልፌ ምላስ በሩን በጥፍር ስፋት ያህል ከፍቶ እንደሚይዘው አገኘሁ።

ማንም ሳይጠይቀኝ ቁልፉን ፈታሁ፤ ብሎኖቹ የነበሩባቸውንም ቀዳዳዎች ደፈንኩ። ልጄ ቁልፉን ለመነችኝና በመሳቢያዋ ላይ ገጠመችው። በውስጡ ምን እንዳስቀመጠች አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ልከፍተው እችላለሁ፤ አልከፈትኩትም። የባለቤቴ ወንድም ከታችኛው መደርደሪያ በላይ እጁን እንደማያነሣ ምሏል። እኔ አላመንኩትም፤ ልጄም ስላላመነችው በላይኛው መደርደሪያ ላይ «ጭማቂ አይደለም፤ አይጣፍጥም» የሚል ወረቀት ለጥፋለች።

ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሳይነሡ ማቀዝቀዣውን ራሴ ከፍቼ አየሁ። አምስት ዲግሪ ነው።