ጨዋታው እስኪያልቅ

ባለፈው እሁድ አዲሱ ስታዲየም ውስጥ ነኝ። ጨዋታው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው... ስልኬ ጠራ።

የደወሉት ጋሽ ሎምባሞ ናቸው፣ የጓደኛዬ የታሪኩ አጎት፣ የእናቱ ወንድም፣ እናቱ ካሉበት ከሞርሲቶ። ታሪኩ አጠገቤ ቆሞ ይጮኻል። ዞር ብዬ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ አነሳሁት።

«ከድር፣ ታሪኩ ካንተ ጋር ነው?»

«አብረን ነን ጋሼ።»

«እህቴን አሟታል። ቶሎ ይዘኸው ና። ብቻ እንዳታስደነግጠው።»

በቃ፣ ገባኝ።

እኛ ጋ ሞት በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። «አሞታል» ነው የሚባለው። ያውም ለልጁ አይደወልም፣ ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ሽማግሌ ይሰበስብና መኪና ይዞ ሰውየውን በዘዴ ያደርሰዋል። እኔ ራሴ አባቴ የሞተ ጊዜ «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው» ተብዬ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት። ስለዚህ የታሪኩ እናት እንደሞቱ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ዞሬ አየሁት... ታሪኩ የስፖርት መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኳስን በሬዲዮ ሲሰማና ኳስ ማሳያ ቤት ተጣቦ ሲያይ የኖረ ሰው። ብሔራዊ ቡድንን በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፣ እሱም በገዛ ከተማው፣ ላስቲኩ እንኳ ተልጦ ያላለቀ ወንበር ላይ ቆሞ። ለሁለታችንም ትኬት ሊቆርጥ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። በዛ ዕድሜው ጉንጩ ላይ ባንዲራ አስቀብቷል።

የሞተ ሰው አይቸኩልም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ እንደዛ ነው ያሰብኩት። ቀብሩ እንደሆነ ከነገ በፊት አይሆንም። ይሄ ሰው ከዛሬ በኋላ ለስንት ወር አይስቅም፣ ይቺን ጨዋታ እንኳ ይጨርስ አልኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከእረፍት በፊት አገባን። ታሪኩ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ፊቴን ሲያየው ሳቀብኝ።

«ምነው ከድር? ሰው የሞተበት መሰልክ እኮ።»

ሳቅኩለት።

እረፍት ላይ «ስልክህን አውሰኝ» አለኝ። የሱ ስክሪኑ ተሰብሮ ከሐሙስ ጀምሮ እኔ ሱቅ ተፈታቶ ተቀምጧል፤ መናኸሪያው ጋ ሞባይል እጠግናለሁ። ሜዳውን ቀርጾ ለእናቱ ሊያሳያቸው ነው። «ስታዲየሙ አለቀ ብላት አላመነችኝም» እያለ ዙሪያውን ቀረጸ። ስልኩን እንደመለሰልኝ ጋሽ ሎምባሞ እንደገና ደወሉ... አላነሳሁትም። የት ደረሳችሁ ቢሉኝ ምን እላለሁ ብዬ።

እንግዶቹም አገቡብንና አንድ ለአንድ አለቀ።

ስንወጣ «አሁን ተደውሎልኝ ነበር፣ እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሄደን እንያቸው» አልኩት። እንደ ወጉ ከጸሎት ቤታቸው ሁለት ሽማግሌዎች ፈልጌ አመጣሁ፣ መኪና ኮንትራት ያዝኩ። እሱ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ታሪኩ ሽማግሌዎቹ መኪናው ውስጥ ሲገቡ አየ። ማንም አልነገረውም። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ገባው። ጉንጩ ላይ ያለው ቀለም በእንባ እየታጠበ ሞርሲቶ እስክንደርስ «እማዬ፣ እማዬ» ሲል ሄደ። ሽማግሌዎቹ «አይዞህ፣ ጌታ ያጽናናህ» ይሉታል።

ደረስን። ድንኳን የለም። አግዳሚ ወንበር የለም። ደጅ ላይ የቆመ ሰው የለም። ቤት ተሳሳትን እንዴ ብዬ ነበር... የሴቶቹ ጩኸት ከውስጥ የተሰማው ወደ በሩ ስንራመድ ነው።

ጋሽ ሎምባሞ ወጥተው ታሪኩን አቀፉት።

«አሁን ነው ልጄ... ሩብ ሰዓት አይሆንም። ስትጠራህ ነበር። እጇ ገና አልቀዘቀዘም፣ ግባ።»

አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ታሪኩ መንገዱን ሙሉ ያለቀሰው በሕይወት ላሉ እናቱ ነበር። እሳቸው ይጠሩታል፣ እሱ ያለቅስላቸዋል፣ እኔ መሃል ተቀምጬ ትከሻውን እደባብሳለሁ።

ትንሽ ቆይተው ጋሽ ሎምባሞ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለሱ ብደውል ብደውል ዝግ ነው ይላል። ለዛ ነው አንተን ያስቸገርኩህ። መኪና አጣችሁ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «መኪና አጣን።»

ሰውየው እውነቱን ነበር የነገሩኝ። አሟታል ያሉኝ ስላመማቸው ነው፣ ቶሎ ና ያሉኝ ቶሎ እንድመጣ ነው። ደግ ውሸት ስንዋሽ ኖረን ኖረን፣ እውነት የሚናገር ሰው ሲመጣ የማናምን ሆነናል።

ቀብሩ ሰኞ ሆነ። ከዛ ወዲህ ለቅሶ ሊደርስ ሰው በመጣ ቁጥር ታሪኩ በእጁ ወደ እኔ ይጠቁማል። «ጨዋታው እንዳለቀ ነው የተደወለለት። አንድ ደቂቃ አላባከነም፣ መኪናውንም ሽማግሌውንም እሱ ነው ያመጣው» ይላል። ሰው ይመርቀኛል። «ጓደኛ እንዲህ ነው» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ።

ነገ ጠዋት ወደ ለቅሶው ቤት ተመልሼ እሄዳለሁ። ስልኩ መቼ እንደተደወለልኝ፣ ሁለተኛውን ደግሞ እያየሁ እንዳላነሳሁት፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ።

ቀድሜ እዚህ የጻፍኩት፣ በሩ ላይ ደርሼ እንዳልመለስ ብዬ ነው።