ዲመካ ገበያ መሀል የመጣልኝ መልስ

ይህ ነገር ከገጠመኝ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ዛሬም ሞንታርቦ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ደንገጥ እላለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ።

የጂንካ ልጅ ነኝ። ሐመር ወረዳ፣ ዲመካ ገበያው ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከደጄ ፊት ለፊት የሰፈሩ ሰው የሚቀዳበት ቦኖ አለ፤ የማበስለውም ለደንበኛ የማቀርበውም የዚያን ውሃ ነው።

ያኔ ጥቂት ሕፃናት ተቅማጥ ያዛቸውና "ቦኖው ተበክሏል" የሚል ወሬ ተነሣ። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ናሙና ወስዶ ለምርመራ ወደ ጂንካ ላከ። ከዚያ በኋላ ቢሮው ዝም! ወሬው ግን መች ዝም ብሎ! ደንበኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ። ማር የምታመጣልኝ የሐመር ሴት አለች፣ ጋርዱ ትባላለች። እሷ እንኳ ውሃ ሳቀርብላት እጇን አወዛውዛ እምቢ አለችኝ። አንጀቴ ቁርጥ አለ። ቤቱን ዘግቼ ጂንካ ልገባ ዕቃ መሸከፍ ጀመርኩ።

ደግሞ ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው "ውጤቱ መጥቷል፤ ለግለሰብ ግን አንሰጥም" አለኝ። ደሜ ፈላ።

"የሕዝብ ውሃ ውጤት ከሕዝብ ይደበቃል እንዴ? ሕጉስ መረጃ ጠይቁ ይል የለም?" ብዬ ጮህኩ። ሕጉን በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ አንቀጹን ቢጠይቀኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር!

ጩኸቴን ሰምቶ የወረዳው ኮሙዩኒኬሽን ባለሙያ ከጎን ቢሮ መጣ። "እትዬ ዘነቡ እውነታቸውን ነው፤ መብታቸው ነው" አለ። ሁለቱ በር ዘግተው ተነጋገሩ። ሲወጡ ባለሙያው "ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ቅዳሜ ገበያ ላይ በሞንታርቦ ለሁሉም እንናገራለን" አለኝ።

ክው አልኩ! "ኧረ ለእኔ ብቻ ሹክ በሉኝ!"

"የሕዝብ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉ?" ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ውሃው ተበክሎ ከሆነ ቤቴን በገዛ አፌ አዘጋሁት ማለት ነው። እስከ ቅዳሜ እህል በአፌ አልዞረም።

ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሏል። ሞንታርቦ የተጫነባት መኪና መጥታ ቆመች። ባለሙያው "ወይዘሮ ዘነቡ በጠየቁት መሠረት" ብሎ ሲጀምር ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ቀጠለና "ውጤቱን መጀመሪያ በሐመርኛ እናሰማለን" ብሎ ማይኩን ለአስተርጓሚው ሰጠው። ወይ መከራዬ! የእኔ ሐመርኛ ማርና ቅቤ ከመግዛት አያልፍም።

ሰውዬው ይናገራል፣ ይናገራል። ቢጨንቀኝ የሰው ፊት ማየት ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። የይሁንታ ነው ወይስ የሐዘን? ከኋላ ደግሞ ሳቅ ተነሣ። "አለቀልኝ፣ መሳቂያ ሆንኩ" አልኩ።

ይሄኔ ጋርዱ ሰዉን እየገፈተረች መጣችና እጄን አፈፍ አድርጋ ጎተተችኝ። ወዴት እንደምትወስደኝ አላወቅኩም። ቦኖው ጋ ስንደርስ ከፈተችው፣ ጎንበስ አለች፣ በእፍኟ ቀድታ ጠጣች። ደገመችና ቀና ብላ፣ ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ "ዘነቡ! ውሃ ጥሩ ነው! ጥሩ ነው!" አለችኝ።

እልልታዬን ለቀቅኩት! እሷን አቅፌ እዘላለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እልል እላለሁ። ሳቁ ለካ አስተርጓሚው "ይቺ ሴት ቢሮውን በጩኸት አናወጠችው" ብሏቸው ኖሮ ነው! በዚያ ቀን ምግብ ቤቴ መቀመጫ ጠፋ።

አሁንም ሳስታውሰው ደስታው እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ሰዎች "መንግሥት በአማርኛ ምን ብሎ መለሰልሽ?" ሲሉኝ ግን "ጋርዱን ጠይቋት" እላለሁ። አማርኛው ሲነገር እልል እያልኩ ስለነበር አንዲት ቃል አልሰማሁም።