ለቅሶ የደረሱ እንቁላሎች

«መብራት ሄደ» የሚለውን አነጋገር አልወደውም። የሄደው ዘመድ ይመስል፣ እኛም በሩን እያየን እስኪመለስ እንጠብቃለን። ቦሳ አዲስ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ በማሽን ጫጩት ማስፈልፈል እንደጀመርኩ፣ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ ማሽኑም ቀዘቀዘ። በኋላ አንድ በአንድ ስሰብራቸው ላባና ምንቃር ያወጡ ጫጩቶች ቅርፊታቸው ውስጥ ሞተው አገኘሁ። አለቀስኩ። ለዶሮ ታለቅሻለሽ ብሎ የሳቀብኝም አልጠፋም።

ሄርማታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግን አልሳቁም፤ ፈረዱ። ማሽኑ ይሸጥና መጥተሽ ሱቁ ውስጥ ቁጭ በይ አሉኝ። ጨርቅ መለካት መጥፎ ሥራ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ግን አይደለም። አንድ ዙር ብቻ ልሞክር፣ ይሄም ከሞተብኝ በራሴ እጅ እሸጠዋለሁ አልኳቸው። ባለቤቴ ባለበት የተናገርኩት ስለሆነ ማፈግፈጊያ አልነበረኝም።

ኢንቨርተር የሚባል ዕቃ የመኪናን ባትሪ እንደ ቤት መብራት እንደሚያሠራ የሰማሁት ከባለቤቴ ነው። እሱ ቡና የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን በዚያ ያያል። እኔም ገዛሁና በአሮጌዋ የቤት መኪናችን ሲጋራ መለኮሻ ላይ ሰካሁት። ስልክ ሞላልኝ። ማሽኑን ስሰካበት ግን ፊውዙ ተቃጠለ። ቀይሬ ሰካሁ፤ አሁንም ተቃጠለ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤታችን መጥቶ በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ሳበልኝ፣ ባትሪው አጠገብ ለብቻው ፊውዝ አደረገለት፣ ኢንቨርተሩንም ከፊት ወንበር ሥር አሰረው። ሞተሩ እየሠራ ይሁን፣ አለበለዚያ ባትሪው ይወርድብሻል አለኝ። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋና በኦሮምኛ «ኮንኮላታን ኬ ሉኩ ታቴ» አለ፤ መኪናሽ ዶሮ ሆነች ማለቱ ነው።

ሰፈሩ ይህችን ቃል አልለቀቃትም። ልሞክራት ብዬ ግቢ ውስጥ ሞተሯን ሳስነሳ ያየ ሁሉ እየሳቀ ምን ሆና ነው ይለኛል። እኔም ሳልስቅ «ታቅፋ ነው» እላለሁ።

የሁለተኛው ዙር እንቁላሎች መሰንጠቅ በጀመሩበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ከሻንጣ አይበልጥም፤ ተሸክሜ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ ኢንቨርተሩ ላይ ሰካሁት፣ ሞተር አስነሳሁ፣ ሙቀቱም ተመለሰ። እፎይ ሳልል የባለቤቴ ወንድም ግቢ ገቡ። ሰቃ ከተማ የሚኖሩት የሚስታቸው አጎት አርፈዋል። ባለቤቴ ቡና ጭኖ መንገድ ላይ ነው፤ መኪናዋ ትፈለጋለች።

«እንቁላሉን አውርጂና ቁልፉን ስጪኝ» አሉ።

ለቅሶ አይቀርም። ሟቹንም አውቃቸዋለሁ፤ በሠርጌ ቀን ከማንም በላይ የጨፈሩት እሳቸው ነበሩ። ግን ቁልፉን ከሰጠሁ ማታ እንደገና የሞተ ጫጩት ከቅርፊት ላወጣ ነው። ያንን ሁለተኛ አላደርገውም።

«ጋሼ፣ ለቅሶውን እንደርሳለን። የምነዳው እኔ ነኝ። እንቁላሎቹ አይወርዱም።»

«ኤጋ» አሉ፣ እንግዲህ ማለታቸው ነው፤ «ሰው ምን ይለናል?»

«ያሻውን ይበል።»

ከጎኔ ተቀመጡና ወደ ሰቃ ተነሳን። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ፤ ባጃጁ ሁሉ እየቀደመን ሄደ። ከድንኳኑ ራቅ ብዬ አቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ለሽማግሌው ከልቤ አለቀስኩ። ጆሮዬ ግን ውጭ ነበር። ያቺ ሴት መኪናዋን ማጥፋት ረሳች ሲባባሉ እሰማለሁ፤ አልረሳሁም፣ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ የባለቤቴ ወንድም ከወንዶቹ መሃል ተነስተው ወደ መኪናዋ ሲሄዱ አየሁ። ሊያጠፏት እንደሆነ ገባኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተከተልኳቸው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲያ መሮጥ ነውር ነው፣ ሮጥኩ።

ስደርስ የኋላውን በር ከፍተው ማሽኑ ላይ አጎንብሰዋል። ሞተሩ ይሠራል። በማሽኑ መስታወት ውስጥ አንድ እርጥብ ጫጩት ቅርፊቱን ጥሎ ይንገዳገዳል፤ አጠገቡ ሌላው ምንቃሩን አውጥቶ ይጮኻል።

«ላጠፋ ነበር የመጣሁት» አሉ ቀና ሳይሉ። ወደ ሹፌሩ በር ተጠጋሁ። ምንም ቢሉ ቁልፉ ጋ የምቀድማቸው እኔ ነበርኩ።

በዚህ መሃል አንድ ለቀስተኛ ወደ ድንኳኑ ሲያልፍ ቆመና፣ ጋሼ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው የማትጠፋው ብሎ ጠየቀ።

የባለቤቴ ወንድም በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና ጀርባቸውን አስደግፈው ቆሙበት።

«ታቅፋ ነው» አሉት።