ባዶ ወንበር የሞሉልኝ ዘመዶቼ

ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል አየር መንገድ ቢሮ ቲኬት እሸጥ ነበር። ድርጅቱ የተቋቋመው በአውቶቡስ የሚሄደውን ሰው ወደ አውሮፕላን ለማምጣት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሻንጣ አንድ ብቻ ነው፤ በጉዞው ላይ ከውሃ በቀር የሚሰጥ ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ሰው ተጋፍቶልን ነበር። ኋላ ከሁለቱ አውሮፕላኖቻችን አንዷ መለዋወጫ አጥታ ቆመች። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላሩ ደግሞ በባንክ ወረፋ ነው። የቀረችው አንዷ የታመመች ዕለት የቀኑ በረራ ሁሉ ይሰረዛል፤ አንዴ የተሰረዘበት ተሳፋሪ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ነዳጅ አቅራቢውም በዱቤ መስጠቱን ትቶ «ከመቅዳታችሁ በፊት ክፈሉ» ማለት ጀመረ። ደመወዛችን መጀመሪያ ዘገየ፤ ከዚያ በግማሽ መጣ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ።

ይህን ሁሉ ቤተሰቦቼ አያውቁም። በትውልድ ከተማዬ በአርብ ገበያ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሪ ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህም ሕፃን አዋቂው «ጋሼ» እያለ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። እኔ አየር መንገድ ከገባሁ በኋላ ግን ስማቸው ተለወጠ፤ «የአውሮፕላኗ ልጅ አባት» ሆኑ። በሰማይ ላይ አንዳች ነገር ድምፁን ካሰማ የሰፈሩ ሴቶች «ልጅዎ ነች እንዴ ያለፈችው?» ይሏቸዋል። አባቴም «ልትሆን ትችላለች» ብለው ይመልሳሉ። ስልክ ሲደውሉልኝ ይህን እየሳቁ ይነግሩኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የምሠራው ከጠረጴዛ ጀርባ መሆኑን፣ ምሳዬንም ከጓደኛዬ ጋር ተካፍዬ እንደምበላ ሳልነግራቸው ስልኩ ይዘጋል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የራሱን መኪና ሸጦ ለአብራሪዎቹ እንደከፈለ ሁላችንም እናውቃለን።

«አንድ ባለሀብት አግኝቻለሁ» አለኝ። «ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት ራሱ ተሳፍሮ ማየት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ደርሶ በዚያችው አውሮፕላን ይመለሳል። ባዶ ወንበር ካየ አለቀልን። መምጫውን እኛ እዚህ እንሞላዋለን፤ መመለሻውን አንቺ ሙይው።»

«በምን ልሙላው? የሸጥኩት እኮ ጥቂት ቲኬት ነው።»

«አንቺ ዘመድ የለሽም? በማግስቱ በነጻ እንመልሳቸዋለን» አለና ዘጋው።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ። «አባባ፣ መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛ ቤተሰብ የነጻ በረራ ፈቅዶልናል። አዲስ አበባ አድራችሁ በማግስቱ ትመለሳላችሁ» አልኳቸው።

«እኔ ብቻዬን?» አሉኝ።

«የፈለጉትን ይዘው ይምጡ።»

«ስንት ሰው ነው የተፈቀደው?»

«የቻሉትን ያህል።»

ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ልግስና ይጠረጥሩ ነበር። ያን ዕለት ግን ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ደስታ ብቻ ነበር። «እንግዲያው የኔታን ሳልይዝ አልመጣም» አሉኝ።

የኔታ በቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር ናቸው። ከአባቴ ጋር በልጅነታቸው አብረው ፊደል የቆጠሩ፣ አባቴ ወደ አስኳላው ሲሄዱ እሳቸው እዚያው ቀርተው ያረጁ ናቸው። ከእሳቸው ሌላ ወገዳ ላይ ጨርቅ የምትነግደው የአባቴ እኅት፣ ከእስቴም የእናቴ ወገኖች ተጠሩ። መንገዱ ገና ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው። አክስቴ ከወገዳ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ሁሉም ደብረ ታቦር ላይ ተገናኝተው ባሕር ዳር ሲገቡ ፊታቸው አቧራ ለብሶ ነበር።

በማግስቱ ጧት ግን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሳያቸው አለቀስኩ። አባቴ በጡረታ ሽኝታቸው ቀን የለበሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የኔታ ጥምጥማቸው እንደ ወተት ነጥቷል። አክስቴ ጥበቧን ለብሳ ሽሩባዋን ተሠርታለች። ፈታሹ የኔታን መቋሚያቸውን ከሻንጣ ጋር እንዲያስገቡ ሲጠይቃቸው «ቤቱ የእናንተ ነው» ብለው ያለ አንዳች ቅሬታ ሰጡት። አባቴ ደግሞ ለፈታሹ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ላገኙት ሁሉ «የእሷ አባት ነኝ» ይላሉ።

አውሮፕላኗ ከአዲስ አበባ መጥታ አረፈች። ሥራ አስኪያጁ ከባለሀብቱ ጋር ወረደና እኔን ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። «ጥሩ ነው፤ ይበቃል» አለ ወደ ዘመዶቼ እያየ። «ሰውየው ማናገር ይወዳል። ከጠየቃቸው ለጉዳያችን ነው የምንሄደው፣ ቲኬት ገዝተን ነው ይበሉ። ንገሪያቸው።»

ለማን ልንገር? ወደ አባቴ አየሁና አልቻልኩም። ወደ የኔታ ማየቱን እንኳ አልሞከርኩትም። ነጋዴ ናትና ይህ አይከብዳትም ብዬ አክስቴን ብቻ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ይዤ ነገርኳት።

«እቴቴ፣ አንድ ሰው ቢጠይቅሽ ለንግድ ነው የምሄደው በይ። ከፍዬ ነው በይ።»

ለአፍታ አየችኝ። «ምን ገጥሞሽ ነው?» አለች።

«ምንም። የሥራ ነገር ነው።»

«ይሁን» አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም።

እኔም አብሬያቸው ተሳፈርኩ። አውሮፕላኗ ስትነሣ አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጣና ከታች ሲዘረጋ ግን ሁሉም ፍርሃቱን ረሳ። አባቴ ደሴቶቹን እንደ ጂኦግራፊ መምህር በጣታቸው ያሳያሉ። የኔታ ግንባራቸውን ከመስኮቱ አስጠግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ማዜም ጀመሩ። የበረራ አስተናጋጇ ውሃ ማደሉን ትታ ቆማ ሰማቻቸው። በሕይወቴ እንዲህ የኮራሁበት ሰዓት የለም፤ ዓባይን ሳንሻገር ግን አበቃ።

ባለሀብቱ ከወንበሩ ተነሥቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚናገረው። አክስቴን «እናቴ፣ ብዙ ጊዜ በዚህ አየር መንገድ ይሄዳሉ?» አላት።

«በየወሩ!» አለች አክስቴ። «ጨርቅ የማመጣው በዚህ ነው። ዕቃዬን ሁሉ የምጭነው በዚህ ነው።»

«ዋጋው ይስማማዎታል?»

«ርካሽ ነው እንጂ!» አለችና ዋጋውን ጠራች። የጠራችው ከወገዳ ደብረ ታቦር ድረስ ለአይሱዙ የከፈለችውን ነበር።

ባለሀብቱ ፈገግ አለ። ከኋላው የቆመው ሥራ አስኪያጅ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ሰውየው ወደ የኔታ ዞረ። «እርስዎስ አባቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው?»

የኔታ ዜማቸውን አቁመው ቀና አሉ። «ጉዳይስ የለንም ልጄ። ይቺ ልጃችን ናት የጋበዘችን፤ የዚህ ቤት ሠራተኛ ናት። ይኸ ሁሉ የምታየው ወገኗ ነው። ገንዘብ አልጠየቁንም፤ እግዜር ይስጣቸው። አንተም ከእነሱ ከሆንክ እግዜር ይስጥህ» አሉና በመስቀላቸው ባረኩት።

ሰውየው ተሳለመ። ከዚያ ቀና ብሎ ወንበሮቹን ከፊት እስከ ኋላ በዓይኑ ዞረባቸው። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ሊቆጣኝ የፈለገ አይመስልም ነበር፤ ያዘነልኝ ነው የመሰለው። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። የኔታ ፊቴን አይተው «ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። «የለም የኔታ» አልኩ። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሩና እስክናርፍ ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም።

በማግስቱ ጧት የመመለሻው በረራ አልነበረም። ባለሀብቱ ከአውሮፕላኗ እንደ ወረደ መኪናው ገብቶ ሄዷል፤ ነዳጅ አቅራቢውም ያለ ቅድሚያ ክፍያ አልቀዳም ብሏል። ዘመዶቼ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በማረፊያው አዳራሽ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሌሎች አየር መንገዶች ተሳፋሪያቸውን ሲጠሩ እነሱም ይነሣሉ፤ እነሱ እንዳልሆኑ ሲነገራቸው መልሰው ይቀመጣሉ። እኔ «ትንሽ የቴክኒክ ነገር ገጥሟት ነው» እላለሁ።

በመጨረሻ አባቴ ተነሥተው ወደ አንድ ጥግ ወሰዱኝ። «ደመወዝ ይሰጡሻል?» አሉኝ።

«አይ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኳቸው። ትናንት ለምን እንደተጠሩም፣ ለአክስቴ ምን እንዳልኳትም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቆመው የጃኬታቸውን ቁልፍ ሲያስገቡና ሲያወጡ ቆዩ።

«ወንበር ላይ የሚቆጠር ሰው ካስፈለገሽ እኮ መንገር ነበር» አሉ። «አውቀን ብንቆጠርልሽ ምን ነበር? የኔታን ሳያውቁ ማስቆጠርሽ ነው የከፋው።»

ከዚያ ወደ ወገኖቻቸው ሄዱና አውሮፕላኗ እንደማትሄድ፣ በአውቶቡስ እንደሚመለሱ ነገሯቸው። ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። አክስቴ እውነትም ጨርቅ ልትገዛበት ይዛው የነበረውን ገንዘብ ከመቀነቷ ፈታች። የአሥር ሰው ያህል መሳፈሪያ ከዚያ ወጣ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። አብሬያቸው ልሳፈር ስል ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «ነገ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለን እንዳትሄጂ» አለኝ። ድርጅቱ ሊተርፍ የሚችል መስሎኝ ቀረሁ። አውቶቡሱ ሲወጣ የኔታ በመስኮቱ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ተሰናበቱኝ።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ምንም አልወቀሰኝም። ባለሀብቱ ደውሎ «መንገደኛ የሌላችሁ መሆኑን አይደለም የጠላሁት፤ እንዳላችሁ ማስመሰላችሁን ነው» እንዳለው ብቻ ነገረን። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ በኪራይ እየበረርን ጥቂት ወራት ገፋን። አንድ ቀን አውሮፕላኗ ከሜዳው ጥግ ተገትራ ሞተሮቿ በሸራ ተሸፈኑ። ቢሮው ተዘጋ፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ አርብ ገበያ ገባሁ።

ሰው ሁሉ ይስቅብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ እየመጡ «ሽማግሌዎቹን በሰማይ ወስደሽ በሰማይ የመለስሽ፣ አንቺን የወለደ ማኅፀን ይባረክ!» ይሉኛል። አባቴን አየኋቸው፤ አቀርቅረው ጫማቸውን ያስራሉ። መመለሻውን አውቶቡስ ለማንም አልተነፈሱም ነበር፤ የአክስቴን ገንዘብም ቢሆን። ቤተ ልሔም ሄጄ የኔታን ይቅርታ ስጠይቃቸው እንኳ «ስለ መሄጃው ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ። ስለ መመለሻው የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ።

ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ። አንድ ቀን ቤታችን እንግዳ በተሰበሰበበት አንዷ ጎረቤታችን ደግማ ስትመርቀኝ «በአውቶቡስ ነው የተመለሱት» አልኩ። «አውሮፕላን ያሳፈርኳቸውም ወንበር እንዲሞሉልኝ ነው። ድርጅቱም ከስሯል።» እኔ ቀለለኝ። ወዲያው ግን ሴትዮዋ ወደ አባቴ ዞራ «ጋሼ፣ እርስዎ በአውሮፕላን ተመለስን አላሉንም?» አለች። በዚያች ከተማ አባትንም ልጅንም ያስተማሩት፣ ሲዋሹ ተይዘው የማያውቁት ሰው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «ለምን ነገርሻቸው?» አሉኝ። «ለአንቺ ብዬ ነበር እኮ።»

«ምርቃቱ ከበደኝ አባባ።»

«ለእኔስ ቀሎኝ ይመስልሻል?» አሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ ገበያ አይወጡም ብዬ ነበር፤ ጋቢያቸውን ደርበው ከእኔ ቀድመው ወጡ። ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። በግ ተራው አጠገብ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው አስቆማቸውና «ወሬ ሰማን ጋሼ» አላቸው እየሳቀ።

«እውነት ነው» አሉ አባቴ፣ ገበያተኛው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ደጀን ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ትርፍ ጎማ ፍለጋ ሄዶ ቀረብን። የኔታ በፀሐይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ አላቸው። ደጀን ስንገባ እኅቴ ጥበቧን ለሻይ ቤት ባለቤት በመያዣ አስቀምጣ ነው እራት ያበላችን።»

ይህን እስከዚያች ቀን አልሰማሁም ነበር። ሰዎች ከበቧቸው። አባቴ መንገዱን ከደጀን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አንድም ሳያስቀሩ ተረኩላቸው፤ ሰዎቹ የሚሳቀው ላይ ሳቁ፣ የሚታዘነው ላይ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ከበጎቹ መሀል ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው፤ ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።