ትንፋሽ የሞላት ጀልባ

ዋና የማልችል አሮጊት ጀልባ ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ! አዋላጇ የልጅ ልጄ በክረምት የጉማራን ወንዝ ልትሻገርበት የላስቲክ ጨርቅ በካውያ ታጣብቃለች። «አጥብቀው ይያዙት እንጂ እምዬ!» ትለኛለች።

የትኩሱ ላስቲክ ሽታ አባቴን አመጣብኝ። እናቴ ማዶ፣ እናቷ ቤት፣ ምጥ ይዟት ሳለ ወንዙ ሞላ። አባቴ የፍየል ስልቻ ስፌቱን በትኩስ ሰም ደፍኖ ነፋና፣ «ጉንጭሽን አስጠጊ፤ አየር ይወጣል?» አለኝ።

«አይወጣም አባዬ።»

ስልቻውን አቅፎ ገባ። ሲመለስ ስልቻው ላይ ያሰረው እንቅብ ውስጥ ሕፃኗ ብቻ ነበረች። «ትንፋሼ ለአንድ ሰው ነው የበቃው» አለ። ስልቻው አነሰ ማለቱ መስሎኝ፣ መሞቷን እስኪነግሩኝ እናቴን ስጠብቅ ከረምኩ።

ጀልባዋ ስትነፋ ጉንጬን ስፌቷ ላይ አስጠጋሁ። ጎረቤቴ እንኳዬ አይታኝ፣ «ዛሬም በትንፋሽ ልንሻገር ነው? ቃል የተገባልን ድልድይስ?» አለችኝ።