በስስ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ኮከብ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ቦጋለች በአዘቦት ቀን እዚህ ካምፓላ፣ ናካዋ ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማኪንድዬ በተከራየነው ክፍል ልጆቻችንን አማርኛ ታስተምራለች፤ ያውም በነፃ። ልጆቹ ካምፓላ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ በአማርኛ ሲጠሯቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። የእኔዋ ሮሃ ደግሞ ትብሳለች።

ፊደል በማስቆጠር ብቻ እንደማይሆን ቦጋለች ገባት። ስስ የስጦታ ወረቀት ገዝታ መጣችና በሙቅ አየር የሚነሳ ትልቅ ፊኛ እንሥራ አለቻቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ በአማርኛ ያልጠየቀ ሙጫ አይሰጠውም። ሮሃ «ጫፉን ያዢልኝ»፣ «ቀስ በይ፣ ይቀደዳል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ቤት ከገባን በኋላም አማርኛውን አላቆመችም። ደስታዬን የምናገርበት ቃል የለኝም።

ልጆቹ ራሳቸው መርጠው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አደረጉት። ፊኛው የሚነሳበት ቅዳሜ ካትዌ ሰፈር የተሠራው ሲጊሪ፣ የከሰል ምድጃው፣ ከሰል ተሞልቶ ግቢው ውስጥ ተቀጣጠለ፤ ወላጅም ተጠራ።

የሐበሻ ማኅበራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተሻለ ፊኛው ወደተዘረጋበት ክፍል ገና ከመግባታቸው የባንዲራው ኮከብ የታለ አሉ። ከወፍራም ካርቶን ቆርጠው ራሳቸው ለጠፉት። ቦጋለች ይከብደዋል፣ አይነሳም ብላ ብትለምናቸውም አልሰሟትም። ሒሳብ ያዡ አቶ ዓለማየሁ ደግሞ የእኛ ባንዲራ ድሮም ኮከብ የለው ብለው ሊገነጥሉት ተነሱ። አንዱ ሲለጥፍ ሌላው ሲገነጥል፣ የልጆቹ ልፋት ከአናቱ እስከ አፉ ተተረተረ። አሁንም አልበቃቸውም። ሁለት ሽበታም ሰዎች ወረቀቱን ረግጠው ቆመው ይሰዳደባሉ። ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ስንት አገር አቋርጠን ስንመጣ ይህን ጠብ ጥለነው መምጣት አቃተን።

«ውጡልኝ» አለች ቦጋለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ሁለታችሁም ከልጆቼ ክፍል ውጡልኝ።»

ወጡና በረንዳው ላይ ቀጠሉ።

ቦጋለች ተንበርክካ ቁርጥራጩን ሰበሰበች። ከዚያ ድምጿን አለስልሳ «ሮሃዬ፣ ሙጫውን አቀብዪኝ፤ እንጠግነዋለን» አለቻት።

ልጄ ሙጫውን አቀበለቻት። የመለሰችላት ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ «አማርኛ የሚጣሉበት ቋንቋ ነው፤ ከእንግዲህ አልናገረውም።»

ሌሎቹም ልጆች ወረቀቱን በእንግሊዝኛ እየተነጋገሩ መጠገን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አማርኛ ይሰማ የነበረው ከበረንዳው ብቻ ነው።