ሰባት ገጽ ወደፊት

ባለፈው ሳምንት ሸኮ ወረዳ፣ አባቴ ዘንድ ሄጄ ጓዳውን ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ጆንያ ሥር ሽፋኑ የተላጠ ወፍራም አጀንዳ አገኘሁ። ገና ስከፍተው ጥላሸትና ሻጋታ ሸተተኝ። ወዲያው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

አጀንዳውን የሰጠን የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ነበር። ዓመቱ አልፎበታል፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ነው። ጎረቤቶች "ያለፈ ዓመት ምን ያደርግልሃል?" ብለው ሲስቁበት፣ አባቴ "ገጹ ባዶ አይደለም እንዴ?" አላቸው። ማንበብና መጻፍ አይችልም። ጥሩ ጥሩ ሀሳብ ግን ይመጣለት ነበር፤ የሚመጣለትም ቡናው ውስጥ ሲያርም ነው፣ ቤት እስኪደርስ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀምሮ በረንዳ ላይ ስንሰበሰብ፣ እሱ በቋንቋችን ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ።

ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። አንድ ገጽ አንድ ቀን ነው። የዛሬን ገጽ የምናውቀው በመሐሉ ባስቀመጥናት የዶሮ ላባ ነበር፤ እሷን በየቀኑ አንድ ገጽ ማሳለፍ የእኔ ሥራ ነው። አዲስ ሀሳብ ስጽፍለት አባቴ አውራ ጣቱን ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ያስነካና፣ ቀበሌ ሄዶ እንደሚፈርመው ከጎኑ ይጫናል። ከዚያ ሰባት ገጽ ወደፊት ቆጥሬ ሀሳቡን እዚያም እደግመዋለሁ። ላባዋ እዚያ ስትደርስ አነብለታለሁ፤ ካልጣመው ይሰረዛል። አንድ ጊዜ፣ ዝንጀሮ ለማባረር በየዛፉ ቆርቆሮ እንስቀል ያለውን ሳነብለት፣ "ማነው ይህን የቂል ነገር ያለው?" ብሎ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ከጣመው ግን አንድ ነገር ይጨምርበትና ሌላ ሰባት ገጽ ይሄዳል። ቡና የምናሰጣበት የቀርከሃ አልጋ የተሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ "ቡናው ከመሬት ይነሳ" ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ቁመቱ፣ ከዚያ የዝናብ መሸፈኛው ተጨመረ።

እኔም የራሴ ሀሳብ ነበረኝ። ታላቅ እህቴ ስምንተኛን እንደጨረሰች ተዳረች፤ የእኔም ተራ መድረሱን እናቴ ለሴቶች ስታወራ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ መማር ነው የምፈልገው። በዚያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ሚዛን ከተማ መሄድ ነበረብኝ፣ አፍ አውጥቼ ለመናገር ግን ፈራሁ። አንድ ቀን አባቴ በሌለበት፣ ላባዋ ባለችበት ገጽ ላይ "ራሔል ሚዛን ሄዳ ትማር" ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ገጽ ቆጥሬም ደገምኩት።

ቀኑ ደርሶ አነበብኩለት። አባቴ ዝናቡን እያየ ጠየቀኝ።

"መቼ ነው ይህን ያልኩት?"

"የዛሬ ሳምንት" አልኩት።

ዓይኔን እያመነ የሚያስነብበኝን ሰው ነው የዋሸሁት። እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሱ ግን ሌላ አልጠየቀኝም።

"ማን ዘንድ ትቀመጣለች? አክስቷ ዘንድ በይ። እሱን ጨምሪና ቁጠሪ" አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቤት የሚላክልኝ በቆሎና ጎደሬ ተጨመረበት። በሦስተኛው ደግሞ "እናቷን እኔ አናግራታለሁ" አለ፤ እውነትም አነጋገራት። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን የቀሚሴን ጫፍ መስፋት ጀመረች። መስከረም ላይ አባቴ ጎደሬ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ፣ እኔን አስከትሎ፣ ሚዛን የአክስቴን በር አንኳኳ።

አሁን እዚያው ሚዛን አስተማሪ ነኝ። ሀሳብ ሲመጣልኝ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ምቹ ነው፣ አይጠፋም። ተመልሼ ግን አላየውም። ስንቱ መልካም ሀሳብ እዚያ ተኝቶ ቀርቷል! በሳምንቱ አንብቢልኝ የሚል፣ "ማን ዘንድ ትቀመጣለች?" ብሎ የሚጠይቅ የለኝም። ያ ዝናብና ያ በረንዳ ይናፍቁኛል።

ጓዳው ውስጥ ቁጭ ብዬ አጀንዳውን ሳገላብጥ ያችን መጀመሪያ የጻፍኩባትን ገጽ አገኘኋት። የልጅነት ጽሕፈቴ ጠማማ እንደሆነ አለ። ከጎኑ፣ ያኔ ባዶ በተውኩት ቦታ፣ የአባቴ አውራ ጣት ጥቁር ሆኖ ታትሟል።

ይዤው ወደ በረንዳው ወጣሁ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ገጹን አስጠግቼ ጣቱን አሻራው ላይ አስቀመጥኩለት።

"አባ፣ ማንበብ ሳትችል ይህን ገጽ እንዴት አገኘኸው?"

"ሰባት ወደኋላ ቆጠርኩ" አለኝ። "መቁጠር መች አቃተኝ? እዚያ ገጽ ላይ ጣቴ ያላረፈበት አንድ መስመር ብቻ ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተቆጣኸኝም?"

ጣቱን ከገጹ ላይ ሳያነሳ ትንሽ ፈገግ አለ።

"ጥሩ ሀሳብ ነበር። ምነው የእኔ በሆነ ብዬ ፈረምኩበት።"